የርብ ወንዝ መሸኛ

(ወረታ አጠገብ ያለች የቀበሌ ቢሮ። የቤት መሥሪያ ፈቃድ የሚሰጠው ወጣቱ በላይነህ ወረቀት ይዞ ተቀምጧል። አያ ደስታው፣ ሽማግሌ ገበሬ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ፊቱ ቆመዋል።)

በላይነህ፦ አይሆንም አልኩዎት እኮ! አዋሳኝዎ አራት ነው፤ የፈረሙት ሦስት ናቸው።

ደስታው፦ አራተኛው ወንዝ ነዋ፣ ጌታው!

በላይነህ፦ ይሁና! መመሪያው «አዋሳኞች በሙሉ ይፈርማሉ» ነው የሚለው። «ከወንዝ በቀር» የሚል አለበት? የለበትም።

ደስታው፦ ኧረ በመድኃኔ ዓለም! ጎረቤቴ ጀላል እንኳ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ፈረመልኝ። ርብን በምን አስፈርመዋለሁ?

በላይነህ፦ መጻፍ ካልቻለ በጣቱ ይፈርም።

ደስታው፦ ጣት የለውማ!

በላይነህ፦ ጣት ከሌለው አምና የወይዘሮ ታይቱን በግ በምኑ ይዞ ወሰደው?

ደስታው፦ (ትንሽ አስበው) እሱስ እውነት ነው።

በላይነህ፦ ጠርተውት እምቢ አለ?

ደስታው፦ ጠርቼውስ አላውቅም። ሳልጠራው ነው የሚመጣ። እባክዎ ይዘኑልኝ! ልጄ ከፋሲካ በኋላ ሙሽራ ያመጣል። የልጅቱ አባት የአንበሳሜ ሰው ናቸው፤ «ጣራ ሳላይ ልጄን አልሰጥም» ብለዋል። ሰኔ ከገባ ደግሞ ድንጋይ የጫነ መኪና እኛ ዘንድ አይደርስም። ልጄ ቆሞ ሊቀር ነው!

በላይነህ፦ እኔ መቼ ከለከልኩ? ወክሎ የሚፈርም ዘመድ የለውም?

ደስታው፦ ርብ?

በላይነህ፦ ርብ።

ደስታው፦ እኔ እንጃ። የሚነሳውስ ከጉና ተራራ ነው ይላሉ።

በላይነህ፦ (እስክሪብቶውን ያስቀምጣል) ቆይ፣ ቆይ። ትውልዱ ጉና ነው?

ደስታው፦ አዎ፣ ጉና።

በላይነህ፦ እዚህ ሲመጣ መሸኛ ይዟል?

ደስታው፦ የምን መሸኛ?

በላይነህ፦ ሰው ቀበሌ ሲቀይር ከነበረበት መሸኛ ያመጣል። እርስዎ ነገ ተነሥተው አንበሳሜ ልኑር ቢሉ፣ ያለ መሸኛ ማን ይመዘግብዎታል?

ደስታው፦ ማንም።

በላይነህ፦ ርብስ?

ደስታው፦ እሱማ ዝም ብሎ ነው የሚወርድ።

በላይነህ፦ ዝም ብሎ! መታወቂያስ አለው?

ደስታው፦ አይቼበት አላውቅም።

በላይነህ፦ ግብርስ ይከፍላል?

ደስታው፦ እንኳን ሊገብር፣ የኛን ሩዝ ጠራርጎ ይሄዳል።

በላይነህ፦ (ጠረጴዛውን እየመታ) ይሄማ ሕገወጥ ሰፋሪ ነው! በኔ ቀበሌ!

ደስታው፦ ውይ የኔ ነገር! ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤት ነው ብዬ! (ራሳቸውን እያከኩ) እንዲያው ላለማወቄ ይቅር ይበሉኝና... ሕገወጥ ሰፋሪ አዋሳኝ ይሆናል?

በላይነህ፦ በጭራሽ!

ደስታው፦ ልፈርም ብሎ ቢመጣስ?

በላይነህ፦ እግሬ ላይ ቢወድቅ አልቀበለውም!

ደስታው፦ ታዲያ የኔ አዋሳኝ ስንት ሆነ?

በላይነህ፦ ሦስት!

ደስታው፦ የፈረሙትስ?

በላይነህ፦ ሦስት! በቃ፣ ተሟልቷል። (ማኅተሙን ያሳርፋል) አዩ? የእናንተ ችግር ሕግ አለማወቅ ነው።

ደስታው፦ እኛ ምን እናውቃለን ብለው ነው። ግን ጌታው፣ ይህ ሕገወጥ ክረምት ላይ ግቢዬ ቢገባስ?

በላይነህ፦ ማስነሣት የኔ ሥራ ነው!

ደስታው፦ እንግዲያ እሱንም ይጻፉልኛ። እኔ እንደሆን እረሳለሁ።

በላይነህ፦ (ጮክ ብሎ እያነበበ ይጽፋል) «ርብ የተባለው ሕገወጥ ሰፋሪ ከአቶ ደስታው ይዞታ ቢገባ፣ እኔ በላይነህ በግንባር ተገኝቼ አስነሣዋለሁ።» (ማኅተም ይመታበታል) ይኸው!

ደስታው፦ (ወረቀቱን አጥፈው ጋቢያቸው ሥር ይከታሉ) እግዜር ይስጥልኝ። አገሩ በሙሉ «ይህን ውሃ ከማሳችን መልሱልን» እያለ ሲለምን፣ በጀት የለም እያላችሁ ነበር የምትመልሱን። (በሩ ጋ ደርሰው ዞር ይላሉ) አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ።

በላይነህ፦ ምን?

ደስታው፦ ዋና ትችላለህ?