የይኽነው አንድምታ

የጨዋታ መመሪያ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ የሚተረጉም ጓደኛ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ጓደኛዬ ይኽነው ዲማ ገዳም ቅኔ ተምሮ ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ሲገባ አንድ ቤት ተከራየን። የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ባመጣልን የቫምፓየር፣ ማለት የደም መጣጭ ጭራቅ፣ ካርታ እንጫወት ነበር፤ የእያንዳንዱን ቫምፓየር ደም በሽምብራ እንቆጥራለን። ይኽነው የሚጫወትባቸውን ካርታዎች ሲመርጥ ሚስት የሚመርጥ ነው የሚመስለው።

አንድ እሑድ የእኔ ቫምፓየር ደሙ አለቀና ተኛ።

«ተኛ ማለት አንድም ደከመ፣ አንድም ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ ተሸንፈሃል» አለ ይኽነው።

«ደም ካገኘ ይነሣል! ደም ስጠው!» ብዬ ጮህኩ።

ይህን የሰሙት አከራያችን እትዬ ጥሩነሽ ጠበል ይዘው ከተፍ አሉ። «የምን ደም ነው ልጆቼ?»

እየተሽቀዳደምን አስረዳናቸው። ካርታዬን አንሥተው የቫምፓየሩን ፊት ትክ ብለው አዩት።

«ውይ፣ እንዴት ከስቷል! ስጡት እንጂ!»

«እትዬ፣ ሕጉ እኮ...» አለ ይኽነው።

«ሕጉ ይቆይ፣ መጀመሪያ ይብላ!»

መመሪያ ሲተረጉም ማንንም የማይሰማው ይኽነው አንድም ሳይል ከራሱ ሽምብራ ቆንጥሮ ሰጠኝ። ቫምፓየሬ ተነሣ፤ የመጀመሪያ ቁርሱም ይኽነው ሆነ።

«አያችሁ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ ካርታውን እያዩ፣ «ፊቱ መለስ አለ!»