ስሙ ያልጸደቀ በሽታ ከዘብ አያስቀርም

ሥርዓት የሌለው አገር ሕዝብ ደስ እንዳለው ይታመማል። ጎባ ግን፣ ምስጋና ለሹማምንቷ፣ ከሰሜን የወረደው ሠራዊት ድንኳኑን ነቅሎ ጎጆ ከቀለሰ ጀምሮ ሥርዓት ነበራት።

በዚያ ኅዳር የሚያስል፣ የሚያቃጥል፣ የሚገድል በሽታ ሳያስፈቅድ ገባ። ስም እንኳ አልያዘም። የወታደሩ የብዙነህ ሚስት ፈለቀች፣ ባሏ አልጋ ቢይዝባት፣ ወደ ዘብ አዛዡ ወደ ባላምባራስ ኃይለመስቀል ሮጠች። ሰባት ቀን ያለ ምክንያት ከዘብ የቀረ ማደሪያ መሬቱን ይነጠቅ ነበርና።

«ምን ያዘው?»

«እንጃ ጌታዬ፤ ያስላል፣ ይቃጠላል።»

«እንጃ መዝገብ አይገባም። ስሙን ይዘሽ ነይ!»

የአገሩ ተወላጅ ጎረቤቷ አዴ ዱሬቲ ነጭ ሽንኩርት እየወቀጠች፣ «ኩን ቁፋ ዳ፤ ሳል ነው በያቸው» አለቻት። ፈለቀች «ቁፋ ይሉታል» ብላ ተመለሰች።

«በገባር ቋንቋ የሚታመም ወታደር የለኝም!»

ባላምባራስ ግን ርኅሩኅ ናቸው፤ ወዲያው ሦስት ሽማግሌዎች ያሉበት የስም አውጪ ጉባኤ ሰየሙ። «የቆላ ንዳድ» ቢባል ጎባ ደጋ ናት ተብሎ ወደቀ። «የሸዋ ብርድ» ቢባል ሸዌው ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሡ። በመጨረሻ፣ ክፉ ደዌ ሲያከብሩት ይራራል ተብሎ «እንግዳ» ተባለ። እንግዳ ከሆነማ ድርጎ ሊቆረጥለት ነው! ገባሩ ሙክት ነድቶ መጣ፤ እንግዳው አፍ ስለሌለው ጉባኤው በአንድ ገበታ በላለት። በማግስቱ ሦስቱም በአንድ ድምፅ አሳሉ። ጉባኤው በሙሉ ስምምነት የፈጸመው ይህንኑ ብቻ ነው።

ባላምባራስ ስሙን ሻሩ፤ ሌላ እስኪጸድቅ በሽታውን በስም የጠራ ይገረፋል የሚል አዋጅ አስነገሩ።

ሰው ምን ይበል ታዲያ? የታመመችን ሴት «ምን ያዘሽ?» ሲሏት፣ «ባላምባራስ ኃይለመስቀል ስም ያላወጡለት ነገር» ትላለች። የሚያስል ሰው ረጅም ንግግር አይችልምና እያጠረ ሄዶ «ኃይለመስቀል» ብቻ ቀረ። የሹምን ስም መጥራት ደግሞ አዋጁ አልከለከለም። ገበያ ላይ ኦሮሞው «ኃይለመስቀል ነ ቀቤ!» ይላል፤ አማራው «እኔንም ይዞኛል ወንድሜ» ይለዋል። ጠመንጃ ሃያ ዓመት ያላስማማቸው ሁለት ቋንቋዎች በአንድ ቃል ተስማሙ።

በሰባተኛው ቀን ፈለቀች ብትሄድ ባላምባራስ ራሳቸው ጋቢ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። ጸሐፊው ገብረ ሥላሴ መዝገቡን ዘርግቶ ቆሟል።

«ከዘብ የቀሩበትን ልጻፍ ጌታዬ፤ ምን ያዘዎት?»

ባላምባራስ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ይናገሩ እንጂ ጌታዬ» አለች ፈለቀች፤ «እንጃ እንደሆነ መዝገብ አይገባም።»

ብዙ ካሳሉ በኋላ፣ «ኃይለመስቀል…» አሉ።

«ጸደቀ!» አለች። «የብዙነህንም በዚሁ ይጻፉልኝ።»

ገብረ ሥላሴ ቆጣቢ ሰው ነው፤ ቀለም አላባከነም። በብዙነህ ስም ትይዩ የባላምባራስን ማኅተም ብቻ መታበት፤ የበሽታው ስም እዚያው ላይ ተቀርጿላ!