የሚስተር ፔቲፈር ካርዶች

ሰው ያለበት መንደር ሁሉ አንድ አራሚ አለው። «ዝናቡ በረታ» ስትሉት «ካፊያ ነው» የሚል፣ «ደህና አደርኩ» ስትሉት እንዴት እንዳደራችሁ እሱ ራሱ የሚያስረዳችሁ ፍጡር። የእናንተው መንደር አራሚ ቢበዛ ያናድዳችኋል። የኛ የኤልምስቶው አራሚ ግን ያስፈራል።

ክቡር ሊቀ ቃላት ሚስተር ኦስዊን ፔቲፈር ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መዝገበ ቃላት የሚዘጋጅበት ቤት ተቀምጠው የሠሩት በአንዲት ቃል ላይ ነው፤ «ለውጥ» በምትለዋ። እሷንና ዘመዶቿን ሁሉ፤ መቀየሩን፣ መሻሻሉን፣ መበላሸቱን፣ መክሰሙን። አንድ ሰው ቃሉን በተናገረ ቁጥር አንድ ካርድ ይጻፋል፤ በካርዱ ላይ ቃሉ፣ ቀኑና ማስረጃው ይሰፍራል። ሥራው አለቀ፤ ሰውዬው ግን አላለቁም። ካርዶቹን በኮት ኪሳቸው፣ እርሳሷን በጆሯቸው ላይ አድርገው መንደራችን ገቡልን።

አንድ ቀን የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሬጂ ደረቱን ነፍቶ «በሩን ቀየርኩት እኮ፣ አዩልኝ?» አላቸው።

«ቃሉ እሱ አይደለም» አሉ። ይህቺ የዘወትር ጸሎታቸው ናት። «ቀየርኩ የሚባለው አሮጌውን ነቅለህ ሌላ ስትተክል ነው። አንተ ቀለም ነው የቀባኸው።»

«እሺ፣ አሳመርኩት ልበል?»

በሩን ትክ ብለው አዩት። «ለእሱስ ማስረጃ የለኝም።»

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። የማያስቀው ካርዱ ነው።

ሥጋ ሻጩ ታንስሊ በር የማይበቃው ሰው ነበር። አንድ የግንቦት ጠዋት ሚስተር ፔቲፈር ቋሊማ ሊገዙ ገቡና ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዩት። እንዲህ ሲያዩ አፍንጫቸው በቀስታ ያፏጫል። ካርድ አወጡ፣ ጻፉ።

«ምን ጻፉብኝ?» አለ ታንስሊ።

«መነመነ» ብለው አነበቡለት፣ ከነቀኑ። ሱቁ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። በመስከረም ታንስሊን ስንቀብር፣ ሳጥኑን ያነሡት አራት ሰዎች ባዶ መስሏቸው እርስ በርስ ተያዩ።

የቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን መቺ ኖራ ስትዳርም፣ ኬኩ ገና ሳይቆረስ ጥግ ላይ ተቀምጠው «ሻከረ» ብለው ጻፉ። የገና በዓል ሳይደርስ ባልየው ሻንጣውን አንጠልጥሎ እናቱ ቤት ገባ።

ከዚያ ወዲህ መንደሩ «ሟርተኛው» ይላቸዋል። ከጉሙ ውስጥ ያቺ ፉጨት ስትመጣ ሰው መንገድ ይሻገራል፤ የሬጂ ውሻ ሳይቀር ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ጎረቤቴ ሚስስ ብሪግስ ግን ከንፈሯን ሳትቀባ ቆሻሻ እንኳ አትደፋም፤ «ከጻፉኝ አይቀር አምሬ ይጻፉኝ» ትላለች።

እኛ እንግሊዞች ደግሞ ሰው ባገኘን ቁጥር «ምንም አልተለወጥክም!» ማለት ልማዳችን ነው። ጥርሱ ለረገፈውም፣ ከዘራ ለያዘውም። ሚስተር ፔቲፈር ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጨማደዳል። «በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለዚህ አባባል አንድም ማስረጃ አላገኘሁም። ውሸት ነው፤ እኔ አልለውም!» እህታቸው በመጨረሻ አልጋዋ ላይ ሆና ብትለምናቸው እንኳ አላሉላትም ይባላል።

በጥቅምት ጡቴ ሥር ጠጠር የምታህል ነገር አገኘሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ የምኖረው ብቻዬን፣ የምትታዘበኝም ድመቴ ናት። ሆስፒታሉ ለሐሙስ ቀጠረኝ። ማክሰኞ ላይ መቻል አቃተኝና፣ ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ካርድ እኔ በገዛ እግሬ ልጠይቅ ሄድኩ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ።

ሻይ ቀዱልኝ። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ የጫማ ካርቶን ነው፤ በየካርቶኑ ላይ የጎረቤቶቼ ስም ተጽፏል። የታንስሊ በገመድ ታስሯል። የእኔም አለ፤ ገመድ ይኑረው አይኑረው ግን ከወንበሬ ሆኜ አይታየኝም።

«ይጻፉልኝ» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«የሆንኩትን።»

ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ። ፉጨቱ ጀመረ። እርሳሷን ከጆሯቸው አውርደው ካርዱ ላይ አሳረፏት፤ ከዚያ ፉጨቱ ቆመ። ትንፋሻቸውን ውጠዋል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ቀስ ብለው እርሳሷን ጆሯቸው ላይ መለሷት።

«ምንም አልተለወጥሽም፣ ዶርካስ።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልዋሹ ሰው ለእኔ ሲሉ ዋሹ። በሽታዬን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ እኚህን ሟርተኛ እንደምወዳቸውም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እንባዬ ለየትኛው እንደመጣ ግን አላውቅም።

«ማስረጃዎስ?» አልኩ።

«ሻይሽን ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። «የሐሙሱ አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው? አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ስለ ሐሙስ አንድም ቃል አልነገርኳቸውም ነበር።

ይህን የምጽፈው፣ ከዚያ ሐሙስ በኋላ ብዙ ሐሙስ አልፎ፣ ቀዶ ሕክምናዬ በተደረገ በአራተኛው ቀን፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። ሚስተር ፔቲፈር መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሆስፒታሉን የምግብ ዝርዝር ያርማሉ። ዛሬ ጠዋት ነርሷ ትራሴን እያስተካከለች «ዛሬማ ተለውጠዋል!» አለችኝ።

«ቃሉ እሱ አይደለም» የሚል ድምፅ ከመስኮቱ ሥር መጣ።

ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዩኝ። አፏጩ። ካርድ አውጥተው ጻፉና አምጥተው እጄ ላይ አኖሩት። «አገገመች» ይላል። ቀኑ አለ። የማስረጃው ቦታ ባዶ ነው።

ሐኪሙ ውጤቱን የሚነግረኝ ገና ሰኞ ነው። የዚያን ማክሰኞ ባይዋሹልኝ ኖሮ ይህቺን ካርድ ዓይኔን ጨፍኜ አምናት ነበር። አሁን ግን ደግ ሰው መሆናቸውን አውቄባቸዋለሁ። ቢሆንም ካርዷን ትራሴ ሥር አድርጌያታለሁ።