ሙቀት የማትችለው ኳስ

ልጆቼ፣ በዚህ ዓለም እንደ ዕቃ የተከበረ የለም። ሰው "ሞቀኝ" ቢል ቻለው ይሉታል፤ ዕቃ ሲሞቀው ግን ስብሰባ ይጠራለታል። ይህን የምለው ነገር አምሮኝ አይደለም፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ስለሚፈላ ነው። ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

በደርግ ጊዜ ነው። እኛን የመተማ ቆላ ሰዎች ከየማሳችን ሰብስበው በመስመር ሊያሰፍሩን ሲነሡ፣ ለአዲሶቹ ቤቶች የሚሆነውን ክዳን የሚያጠና አንድ ቀጭን ወጣት ባለሙያ ከአዲስ አበባ ኳስ ይዞ መጣ። የሚለጓት ኳስ እንዳትመስላችሁ። ቅል የምታህል፣ ውስጧ እንደ እርጎ የነጣ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ናት። በአንዱ ቀዳዳ መብራት ያስገባል፣ በሌላው ላይ የሚለካውን ይለጥፋል፤ ሣር፣ ጭቃ፣ ቆርቆሮ። የተለጠፈው ነገር የመለሰው ብርሃን ወዲያም ወዲህም ቢበተን፣ ነጩ ግድግዳ እያንከባለለ ይሰበስበዋል እንጂ አያስመልጠውም፤ ከዚያ መርፌዋ ልኩን ትናገራለች። ከጎጆዬ ክዳን እፍኝ ሣር ሲመዝ "ልጄ፣ ዝናብ ታስገባብኛለህ" ብለው፣ አፍሮ መልሶ ሊሰካው ሞከረ። ጨዋ ልጅ ነበር።

ኳሷ ቆርቆሮ ብርሃኑን ይመልሳል፣ ሣር ይውጠዋል አለች። ወጣቱም ይህንኑ ጻፈ፤ ከሥሩ ደግሞ ኳሷ የምትለካው ብርሃን እንጂ የቤት ሙቀት አይደለም ብሎ ጨመረ። ካድሬያችን ጓድ ባዬ የላዩን አንብቦ የሥሩን ተወው። ስብሰባ ጠርቶም ቆርቆሮ ፀሐይን እንደሚያባርር በሳይንስ ተረጋግጧል አለን። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ቆርቆሮ ማን ይጠላል?

ሚያዝያ ገባ። በሚያዝያ እኛ አገር እንሽላሊት እንኳ እግሯን እያፈራረቀች ነው የምትቆመው። ምራቴ ዘነቡ ከወለደች ሁለት ሳምንት አልሞላትም፤ አዲሱ መንደር ውስጥ ቆርቆሮ ቤት ደርሷታል። ልጠይቃት ብገባ ሕፃኗ ከንፈሯ ደርቆ፣ ጡት መያዝ አቅቷት፣ እንደ ጫጩት አፏን ከፍታ ታለከልካለች። አቅፌያት ወደ ጎጆዬ ልሮጥ ስል ጓድ ባዬ መንገድ ዘጋብኝ። ወደ አሮጌ ጎጆ መመለስ አድኃሪነት ነው፣ ጎጆዎቹም ቅዳሜ ይፈርሳሉ አለ።

"ልጅቱ እየሞተችብኝ ነው" አልሁት።

"እማማ፣ ቆርቆሮ እንደማይሞቅ እኮ በመሣሪያ ተለክቷል።"

"እንግዲያው ግባና ከመሣሪያህ ጋር ቀትሩን ዋልበት።"

ሳቀብኝ። ሳቁን ሳይጨርስ ያ ወጣት በላብ ተጠምቆ ከጽሕፈት ቤቱ መጣ። ጽሕፈት ቤቱም ቆርቆሮ ነው። የኳሷ መርፌ በሙቀት ስለቃዠች ልኬቱ ሁሉ ከንቱ ሆኗል፤ ቀዝቀዝ ያለ ቤት ካልተገኘላት ጨርሳ ትበላሻለች አለ። ለሕፃኗ ያልደነገጠው ሰውዬ ለኳሷ ፊቱ አመድ መሰለ። የመንግሥት ንብረት ናታ! ወጣቱ ሕፃኗን አየት አደረገና፣ የምትሆናት የእማማ ጎጆ ብቻ ናት አለ ቀስ ብሎ። ጎጆዬ እንዳትፈርስ እዚያው ተወሰነ።

"ጠባቂስ?" አልሁ። "የመንግሥትን ንብረት ያለ ጠባቂ ልትተዋት ነው?"

ጉልበት ያለው ሁሉ ጫካ ምንጠራ ወርዷል። ስለዚህ እኔ ተመደብሁ። ኳሷን አልጋዬ ላይ፣ ሕፃኗን ከጎኗ አጋደምሁ፤ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ጡት ያዘች። በማግስቱ ጎረቤቶቼ በቀትር ልጆቻቸውን እያዘሉ ይመጡ ጀመር። ጓድ ባዬ ይህ ሁሉ ሕፃን ምንድን ነው ቢለኝ፣ ጥበቃውን አጠናክረን ነው አልሁት።

ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ። እውነት ነው፤ ልጆቹ ሁሉ በደኅና ለክረምት ደረሱ። ግን ክረምቱ እንደገባ ወጣቱ ኳሷን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሄደ። በማግስቱ መጥተው ጎጆዬን አፈረሷት።

ከእንግዲህ የሚጠበቅ ነገር የለባትም አሉ።