ይሄ ቤት አይከርምም

መስኮቱ ሥር ያለውን የስፌት መኪና ተመልከቱልኝ። የሚቀመጥበት የለም። የዮርዲ ነበር፤ ኮልፌ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ከሚሰፉ እጆች እንደ እሷ ፈጣን አላየሁም። ደመወዝ አንሷት አልሄደችም። «ጋሼ፣ በየማለዳው መርዶ መስማት አቃተኝ» ብላኝ ሄደች።

መርዶ ነጋሪዋን ታውቋቸዋላችሁ። ሰው ተሰብስቦ የሚሠራበት ቤት ሁሉ የራሱ መርዶ ነጋሪ አለው። የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ወለተጻድቅ ናቸው፤ በሥራ ቁልፍ ተካይ፣ በሹመት የተስፋ መቁረጥ ሚኒስትር። ጠዋት ነጠላቸውን ሚስማር ላይ ሰቅለው፣ ገና ሳይቀመጡ ያውጃሉ፦ «እኔ ምን አገባኝ? ግን ይሄ ቤት አይከርምም።» ስምንት ክረምት አለፈ።

አዲስ መቀስ ስገዛ «መቀስ የገዛ አለቃ የሚቆርጠው ሰው አለው» አሉ፤ ሁለት ልጆች ምሳቸውን ሳይበሉ ዋሉ። ሠራተኛችን ቤተልሄም የቃል ኪዳን ቀለበቷን ስታሳያቸው አገላብጠው አዩና «የእህቴም እንዲህ ያብለጨልጭ ነበር፤ አሁን ብቻዋን ናት» አሏት። ትልቅ ትእዛዝ በጊዜ ጨርሰን ኬክ ባመጣሁ ቀን ደግሞ «የስንብት ነው?» ብለው የመጀመሪያውን ቁራጭ አነሡ። ትልቁን።

መከርኩ፣ ለመንኩ፣ ሁለቴ ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ። ዮርዲ ስትሄድ ግን ደሜ ፈላ። አንድ አፍ ሃያ እጅ ሲያሰንፍ ዝም የሚል አለቃ እሱም ተባባሪ ነው! የስንብት ደብዳቤውን ጻፍኩ፣ ማኅተም መታሁ፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ልሰጣቸው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ኪስ የምትሰፋልን የሀዊ ወንድም ነው። «አባታችን ዐረፉ። ነገ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ሄዶ ይነግራታል። እስከዚያ አደራ፣ እንዳትሰማ።»

በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከሀዊ በቀር ሁሉም ሰማ። ቤተልሄም እንባዋን ልትደብቅ ሽንት ቤት ገባች። እኔ የሀዊን ዓይን ፈርቼ ጨርቅ አጥፋለሁ፣ እዘረጋለሁ። ከዚያ ሁላችንም በድንጋጤ ወደ አንድ አፍ ዞርን። ከምሥራች መርዶ የሚያወጣ አፍ እውነተኛውን መርዶ ይዞ እንዴት ይውላል?

እትዬ ወለተጻድቅ ተነሡ። ቀጥ ብለው ወደ ሀዊ ሄዱ።

«ይሄ ኪስ ቆንጆ ነው» አሉ።

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። በስምንት ዓመት የመጀመሪያው ምስጋና! ሀዊ መኪናዋን አቁማ ቀና አለች። «እትዬ፣ አሞዎታል እንዴ? ምን ተፈጠረ?» ፊታችንን አንድ በአንድ ታይ ጀመር። አለቀልን አልኩ።

«ኪሱ አልኩ እንጂ አንቺ ቆንጆ ነሽ መች ወጣኝ! ደግሞ ምን ዋጋ አለው፤ ይሄ ቤት እንደሆን አይከርምም።»

ሀዊ በሳቅ ፈረሰች። ዓለም ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ቀኑን ሙሉ እንዲያ ይዘዋት ዋሉ። ምሳ ላይ የራሳቸውን ሳህን ገፍተው «ብዪ! ወገብሽ እኮ ክር ነው፤ መርፌ ውስጥ ያልፋል» እያሉ በግድ አጎረሷት። በአጠገቤ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ነገ እህል አይገባላትም» አሉኝ። ደብዳቤው ከመሳቢያው አልወጣም።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሳንሱሲ ሰፈር፣ ሀዊ ቤት በር ስንደርስ እትዬ ቀድመውናል። ስትወድቅ የያዟት እሳቸው ናቸው። ቃል አልተነፈሱም።

ተለወጡ እንዳትሉ። ሰኞ ነጠላቸውን ሰቅለው «እኔ ምን አገባኝ? ግን የለቅሶው ድንኳን ያፈስ ነበር» አሉ። ጥርሴን ነከስኩ። ትንቢት በቀን አንዴ፣ እሱም ከምሳ በኋላ ብቻ ብዬ ደነገግሁ። የዮርዲን ነገር ይቅር አላልኳቸውም። ነገር ግን በበነጋታው ማልጄ ስገባ፣ ብቻቸውን ያንን የመስኮቱን መኪና እየወለወሉ ዘይት ሲያጠጡ ያዝኳቸው። «እኔ ምን አገባኝ?» አሉ ሳያዩኝ። «ግን ያቺ ልጅ ስትመጣ ዝጎ ይጠብቃት?»

እባካችሁ፣ ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ዮርዲን ካያችኋት፣ መኪናዋ ተወልውሎ፣ ዘይት ጠጥቶ እየጠበቃት መሆኑን ንገሩልኝ። ማን እንደወለወለው ግን አትንገሯት፤ አታምናችሁም።