የጋሼ ሞገስ ማሞቂያ

የተከፈተ የመኪና ኮፈን ባየ ቁጥር ሳይጠራ ገብቶ አንገቱን የሚያሰግግ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። በእኛ በደብረ ታቦር ይህን ሹመት የያዙት ጋሼ ሞገስ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። እኛ ጎረቤቶቻቸው እሳቸው በሌሉበት «ሊቀ ማሞቂያት» እንላቸዋለን። ፍሬኑ አልይዝ ያለውን ሹፌር «ቀስ እያልህ ንዳ» ብለው ያልፉታል፤ የመኪናው ማሞቂያ የተበላሸበትን ግን አይለቁትም።

አንድ ቀን ወደ አንበሳሜ ገበያ ስንሄድ የሚኒባሱ ማሞቂያ እንደማይሠራ ሰሙና መኪናው ካልቆመ ብለው አስቸገሩ። «መጀመሪያ ውኃውን እይ» የዘወትር ቃላቸው ነው። የራዲያተሩ ውኃ እውነትም ጎድሎ ነበር። ተሞልቶ ሙቀቱ እስኪመጣ ገበያው ተጋምሶ ጠበቀን። ሌላ ጊዜ ደግሞ የሙሽሮችን መኪና አስቁመው፣ ሚዜዎቹ ከነሱፋቸው ብርድ ላይ እንደቆሙ፣ የተቃጠለ ፊውዝ ፈልገው አገኙ። ሙሽራዋ ከእናቷ ቀጥላ የሳመችው እሳቸውን ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ እኔ ዘንድ መጡ። ልጃቸው ፈንታነሽ ከኩዌት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ልትመጣ ነው፤ ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በመኪናዬ የማመጣት እኔ ነኝ። ስለ መንገዱም ስለ ነዳጁም አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ስለ ማሞቂያዬ ነው። ይነፍሳል፣ ግን ቀዝቃዛ ነው አልኋቸው። ያን ማለቴ ሦስት ቀን አስከፈለኝ።

ውኃው ሙሉ ነበር። የሞተሩን ሙቀት የሚጠብቀውን ቴርሞስታት ፈለጉ፤ የለም። ሞተሩ እንዳይግል ብሎ አንድ መካኒክ አውጥቶ ጥሎት ኖሯል። ሞተሩ ራሱ ሳይሞቅ እኔን ምን ሊያሞቀኝ እንደነበር ጠየቁኝ። አዲስ ገዝተን ገጠምን፤ ለብ ከማለት አላለፈም። በሦስተኛው ቀን ከማሞቂያው ጋር የተያያዙትን ሁለት ቱቦዎች በእጃቸው ዳሰሱ። አንዱ ይፋጃል፣ አንዱ ቀዝቃዛ ነው። ማሞቂያው ከውስጥ በዝገት ተደፍኗል ማለት ነው። ፈትተው በውኃ ሲያጥቡት እንደ ጉሽ ጠላ የደፈረሰ ወጣ፤ እስኪጠራ ድረስ አጠቡት።

ሙቀቱ ሲመጣ መዳፋቸውን ዘርግተው ብዙ ቆዩ።

«ለአንድ ወር ነው የምትመጣው» አሉኝ በመጨረሻ። «የለመደችው በረሃ ነው። ብርዱ ካስመረራት ወሩ ሳይሞላ ትመለስብኛለች።»

ፈንታነሽ ከሄደች ጀምሮ ቤታቸው ውስጥ ከእሳቸው በቀር የሚያስል እንኳ እንደሌለ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

አብረውኝ ሄደው፣ ባሕር ዳር ላይ ከልጃቸው ጋር ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኔ ሻንጣ ጫንሁ። የዓለም በርን ከተማ አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ «ማሞቂያውን ክፈተው» አሉኝ፤ ከፈትሁት። በየአፍታው ከፊት ወንበር እየዞሩ ሙቀቱ እግርሽ ስር ደረሰ ወይ ይሏታል፤ ደርሷል ትላቸዋለች። ፊቷ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

የጉና ተራራ ብቅ ሲል ፈንታነሽ ወደ ፊት ጠጋ አለች።

«አባየ፣ መስታወቱን ላውርደው?»

«ብርዱ ይመታሻል፣ ልጄ።»

«እዚያ ኩዌት የምሠራበት ቤት መስኮት ተከፍቶ አያውቅም። ዘጠኝ ዓመት የናፈቀኝ ይኸ ብርድ ነው።»

አወረደችው። የገብስ ማሳ ሽታ ይዞ ነፋሱ ገባ፤ ነጠላዋ ተገፎ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ዐይኗን ጨፍና ትስቃለች። ጋሼ ሞገስ የራሳቸውንም መስታወት እስከ ታች አወረዱት። ማሞቂያውን ግን አላጠፉም፤ እኔም አላጠፋሁም።

ደብረ ታቦር ስንገባ ጆሮዬ ደንዝዟል። ብርዱን እንድትጠግበው ብዬ ቤታቸውን አልፌ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ እስካለው ጋፋት ድረስ ወሰድኋቸው። ወዴት ነህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።