ጣራውን ለመሰላል

ስሙን ቢጠሩት የሚቆጣ፣ ባይጠሩት ደግሞ «የጎረቤቴን ስም ጠርታችሁ የእኔን ስለ ምን ዘለላችሁት?» ብሎ የሚያኮርፍ አንድ አገር ነበረ። በዚያ አገር ሰው ሁሉ ያለውን ከሰው ዓይን ለመሸሸግ ረጅም የድንጋይ አጥር ያጥር ነበር፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ጎረቤቱ የሸሸገውን ለማየት መሰላል ያቆም ነበር። አጥሩ ሲረዝም መሰላሉ ይረዝማል፣ መሰላሉ ሲረዝም አጥሩ ይረዝማል። ከሁለቱ የትኛው እንደ ቀደመ ሊቃውንቱ ሰባት ዓመት ሙሉ ተከራክረው፣ በስምንተኛው አንዱ የሌላውን ካባ አይቶ አላስችል ስላለው ጉባኤው ተበተነ። ንጉሡም የጎረቤት ነገሥታትን ግምጃ ቤት የሚያይበት የወርቅ ቅብ መሰላል ነበረውና «ጎረቤቱን ሳያይ የዋለ እንደ ሰነፍ ይቆጠር» ብሎ አዋጅ አስነገረ። እንደዚያ አዋጅ ቶሎ የተፈጸመ አዋጅ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም።

ከዚህ አገር ሰዎች አንዷ ወይዘሮ ዘርትሁን ነበረች። ባሏ ሲሞት አንዲት ላም፣ አንድ ጎተራ ሙሉ ጤፍና በገዛ እጁ የከደነውን ቤት ትቶላት፣ ነፍሱ ልትወጣ ስትል «ዘርዬ፣ ሌላው ይመጣል ይሄዳል፤ ጣራውን ብቻ አደራ» ብሏት ነበር። አደራውንስ አልረሳችም፤ ጣራውን ቀና ብላ የምታይበት ጊዜ ነው ያጣችው። ጧት ጸሎቷን በግማሽ አድርሳ መሰላሏ ላይ ከወጣች የምትወርደው ለራት ነው። ላሟ ሳትታለብ ውላ ጡቷ ተወጥሮ ታጓራለች፤ ዘርትሁን ደግሞ ከላይ ሆና «የዚያችን ላም ጡት እዩልኝ! ገና ሳይናጥ ቅቤ የሚወጣው ይመስላል እኮ!» ትላለች።

ያችኛይቱ ላም የአጥር ጎረቤቷ የወይዘሮ የሺመቤት ናት። በየሺመቤት ግቢ ላሟ ትታያለች፣ ቀፎዋ ይታያል፣ ሁለት ጎተራዎቿ ይታያሉ። እሷ ራሷ ግን ከጀርባዋ በቀር አትታይም፤ በወዲያኛው አጥር ላይ ባቆመችው መሰላል ተሰቅላ የማዶውን ሰው በሬዎች ስታይ ትውላለችና።

አንድ ቀን የሺመቤት አጥሯን አንድ ክንድ አስረዘመች። ዘርትሁን ወጥታ ብታይ ድንጋይ ብቻ። እንጨት ፍለጋ ብትሄድ የአገሩ ዛፍ ሁሉ መሰላል ሆኖ አልቋል። ቤቷ ገባችና፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣራዋን ቀና ብላ አየች።

«ከዚህ ሁሉ እንጨት አንዱ ቢጎድል ማን ያውቀዋል?» አለችና አንዱን ነቀለች። አጥሩ ደግሞ ረዘመ፤ ሁለት ነቀለች። ክረምት ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሣሩ ረግፎ በቤቷ ውስጥ ሰማይ ይታይ ጀመር።

የነፍስ አባቷ መምሬ ፈንታሁን ጠበል ሊረጩ መጥተው ጣራውን ባዩ ጊዜ አማተቡ።

«ዘርትሁን! ውረጂ!»

«ከዚያው ይባርኩኝ አባቴ፣ ማር እየቆረጡላት ነው።»

«ልጄ፣ ዐሥረኛይቱን ትእዛዝ ረሳሽ?»

«እንዴት እረሳታለሁ? አትመኝ ነው የምትለው። አትይ አትልም።»

«ቤትሽ ውስጥ ያለው ጤፍሽ ሊበሰብስ ነው እኮ! እግዚአብሔር ድርሻሽን በገዛ ግቢሽ አስቀምጦልሽ አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽዋል። በይ፣ ሰባት ቀን መሰላል እንዳትወጪ፤ ጣራሽንም መልሺ። ቀኖናሽ ይኸው ነው።»

ዘርትሁን ያን ጊዜ ፊቷን አዞረች።

«ለየሺመቤትስ ስንት ሰጧት?»

«የሰው ቀኖና አይጠየቅም!»

«ስንት ነው አባቴ?»

መምሬ ደከማቸው። «አሥራ አራት።»

«አሥራ አራት! አዬ ጉዴ! ሀብታም ስለሆነች ቀኖናውም ይብዛላት? እኔ ድኻዋ ኃጢአት እንኳ አይሞላልኝም? ከሷ በምን አንሼ ነው?»

«እሺ፣ ያንቺ አሥራ አምስት ይሁን፤ ብቻ ውረጂ!»

ፊቷ በራ። ወርዳ መስቀል ተሳለመችና ተመልሳ መሰላሉን ያዘች።

«ደግሞ ወዴት ነው?»

«የሺመቤት አሥራ አራቷን በደንብ ትፈጽም እንደሆነ አይቼ ልምጣ።»

መምሬ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ፤ የማዶው ደብር ቄስ ለአንድ ሰው ስንት ቀን እንደሚሰጡም በመንገድ ላይ እየጠየቁ ሄዱ።

ዘርትሁን ከላይ ሆና ያየችው ጉድ ነው። የየሺመቤት ቤት መላጣውን ቀርቷል። አንድ እንጨት፣ አንድ ዘለላ ሣር የለበትም፤ እንጨቱ ሁሉ በጠፍር እየታሰረ መሰላል ላይ ወጥቷል። ልብ ያለው ሰው ቢሆን ይህን አይቶ ይደነግጣል። ዘርትሁን ግን ያየችው የመሰላሉን ርዝመት ነበር።

«እዩዋት! ጣራዋን ሙሉ ለመሰላል! እኔ ቂሏ ሦስት እንጨት አስቀርቼ እሰስታለሁ!»

በዚያው ቀን ሦስቱን ነቀለች። ምሰሶው ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ እሱንም «ብቻህን ምን ትሠራለህ?» ብላ ነቀለችው።

በዚያ ሰሞን የመሰላል ሹሙ አገሩን ዞሮ ለንጉሡ እንዲህ ሲል አስታወቀ፦ «ግርማዊ ሆይ፣ ሕዝብዎ እጅግ ከፍ ብሏል። ከጣራ በታች የሚኖር አንድ ሰው አላገኘሁም።» ንጉሡም ደስ ብሎት ካባ አለበሰው፤ የቀሩት ሹማምንት የዚያን ዕለት ምሳ አልበሉም።

በሰኔ ሚካኤል ማግሥት ዝናቡ ወረደ። ጤፉ በጎተራው ውስጥ ሊጥ ሆነ፤ ላሟ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ ጮኸች። ዘርትሁን በመሰላሏ ጫፍ ላይ ነጠላዋ ከራሷ ተጣብቆ ቁልቁል ቤቷን አየች። «ጣራውን ብቻ አደራ» የሚለው ቃል ጆሮዋ ላይ መጣባት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ልትወርድም አንድ እግሯን ዝቅ አደረገች።

ይህን ጊዜ ከየሺመቤት ግቢ የሚንኳኳ ድምፅ ሰማች። አንገቷን አስግጋ ብታይ በባዶው ቤት ውስጥ ነጭ በነጭ ሆኗል።

«የዳኛ ያለህ!» ብላ ወደ ሰማይ ጮኸች። «ለሷ በረዶ ጨምሮላት ለእኔ ውሃ ብቻ? እኔ ምን ብበድለው ነው?»

እግሯንም ወደ ላይኛው እርከን መለሰች።